ሲስተር ፀደይ ገበያ የወጣች ዕለት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአርቦሬ መንደር በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታሉ የመጣችው እናት ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እያስገባት፣ «ደም ካላገኘን አናተርፋትም» አለ። ከላቦራቶሪ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ የእሷ ዓይነት፣ ኦ ኔጌቲቭ፣ አንድም ከረጢት የለም። የባሏም ተመርምሮ አልገጠመም።

ነርሷ ሲስተር ፀደይ እስከዚያች ደቂቃ የሴትዮዋን እጅ ይዛ ነበር። ቋንቋዋን ባታውቅም የጣቶቿ መቀዝቀዝ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ደም ለጋሽ የሚያፈላልገው ሠራተኛ ለሥራ ሩቅ ከተማ፣ ኦሞራቴ ወርዷል። ፀደይ ተረኛ ጓደኛዋን ሐናን «አደራ፣ አጠገቧ ሁኚልኝ» አለቻትና ጋውኗን እንደለበሰች ከግቢው በረረች።

በባጃጅ ገበያ ስትደርስ ቦታው በሰው ጢም ብሏል። ብትጮኽ ብትጮኽ የሰማት የለም። ከፍየል ተራው አጠገብ ግን ወንጌላዊ ዳርጌ በድምፅ ማጉያ ይሰብካል። እሷ በማርያም የምትምል የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፤ ስብከቱ ጋ ቆማ አታውቅም። ሰው እየገፋች አጠገቡ ደረሰች።

«ወንድም ዳርጌ፣ ማይኩን ለአንድ ደቂቃ ይስጡኝ። ሰው ልትሞትብኝ ነው።»

አንድ ጊዜ አያትና ሰጣት።

«አንዲት አራስ ደም አልቆባታል። ኦ ኔጌቲቭ የሆነ፣ ዓይነቱን የማያውቅም ቢሆን፣ ይከተለኝ!»

ገበያው ጸጥ አለ። ዳርጌ ማይኩን ተቀብሎ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአሪኛ ደገመላትና እጅጌውን ጠቀለለ። «ጠዋቱን ሙሉ ስለ ደም ስሰብክ ነው የቆየሁት፤ አሁን እንዴት እቀራለሁ?»

አሥራ አንድ ሰው ተከተላት። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ ውጤቱን ጠበቀች። የዳርጌ አልሆነም። የቅቤ ነጋዴዋ የአበዛሽ ገጠመ፤ መጨረሻ ላይ የተመረመረው ወታደርም እንዲሁ። ፀደይ ገና ያልበረዱትን ሁለት የደም ከረጢቶች አቅፋ በኮሪደሩ ሮጠች። ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ዓይኗን ገልጣ ልጇን ስትጠይቅ፣ ፀደይና ሐና ተቃቅፈው ሳቁ።

ሰኞ ዕለት አለቃዋ ሲስተር አስካለ ጠራቻት። «የሥራ መዘርዝርሽ ላይ ገበያ ወጥቶ መለፈፍ የት አለ?»

«የለም፣ ሲስተር። የሚለፍፈው ሰው ግን ኦሞራቴ ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ እዚህ።»

አስካለ ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። «እንግዲያው የአሥራ አንዱንም ሰዎች ስልክ መዝግበሽ አምጪ። ከዛሬ ጀምሮ ለጋሽ ማሰባሰቡ ያንቺም ሥራ ነው።»

ፀደይ በሥራ ላይ ሌላ ሥራ ተጨምሮላት ወጣች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች።