በድምፅ ብልጫ የጸደቀ በረራ

አንድ የአውሮፕላን ሞተር ምን ያህል አመድ ውጦ መብረር ይችላል?

ጥያቄውን ያቀረበልኝ የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ግዛቸው ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ፣ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ተቀምጠን የእርዳታ እህል በአውሮፕላን ወደ ቆላ እናስልክ ነበር። በዚያ ሳምንት በረሃው ውስጥ አንድ ተራራ ፈንድቶ፣ አመዱ አውሮፕላናችን የሚያልፍበት ሰማይ ላይ ተዘርግቷል። ፕራግ ድረስ ሄጄ ስለ ድንጋይ የተማርኩ እኔ ስለሆንኩ፣ መልሱ ከእኔ ተጠበቀ።

«ቁጥሩን አላውቅም» አልኩ። «ይሄ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይ ነው። ሞተር ውስጥ ገብቶ ይቀልጥና እንደ መስታወት ይጋገራል። ነፋስ እስኪያጠራው እንጠብቅ።»

ግዛቸው ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። «ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ አላውቅም። የጉለሌ እናቶች ድስት የሚያጥቡት በአመድ ነው። አመዱ ሞተሩንም ያጥብልን።»

ሒሳብ ሹሙ ሳቀ፤ ስለዚህ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አውሮፕላኑ ይብረር ተብሎ እንደ ልማዳችን እጅ ወጣ። ስለ ሻይ ቤቱ ስኳር የሚወጣው ያው እጅ ነው፤ ግራ ቀኙን አይቶ የሚነሣ። ድንጋይ በስንት ሙቀት እንደሚቀልጥ በድምፅ ብልጫ ወስነው አጨበጨቡ። እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግኩ። የምሁር ጀግንነት ይኸው ነው።

አብራሪውን ኢታናን በር ላይ ያዝኩት።

«አሞኛል በል።»

«ጴንጤው ለተራበ ሕዝብ አልበርም አለ እንዲሉኝ? ወንድሜን ያሳሰረው እኮ እንዲህ ያለ ወሬ ነው።»

«አመዱ ይገድልሃል።»

«ይገድለኛል ወይስ ሊገድለኝ ይችላል?»

«ሊገድልህ ይችላል» አልኩ።

«አየህ» አለ የጃኬቱን ዚፕ እየሳበ፤ «ያንተ ምናልባት ነው። የእነሱ እርግጥ ነው።»

በማግስቱ በረረ። ረፋዱ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ቡርቱካን ጠራችን። ኢታና ሰማዩ እንደጠቆረበት፣ ውስጡም ድኝ ድኝ እንደሚሸት ተናግሯል።

«ይመለስ» አልኩ።

«ጉባኤ የወሰነውን አንድ ሰው አይሽርም» አለ ግዛቸው። «አባላቱን ልሰብስብ።» እውነቱን ነበር፤ ሊሰበስብ ወጣ።

ቡርቱካን አየችኝ። «ምን ልበለው?»

«የሞተሩን ኃይል ቀንስና በመጣህበት ተመለስ በይው።»

አለችው። ትንሽ ጠብቃ ደገመችው። አባላቱ ወንበር እየጎተቱ ሲገቡ ሬዲዮው ይንሿሿ ነበር፤ እሷም ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና ገና የኢታናን ድምፅ ትጠብቅ ነበር።