ያልታጠበችው ጉትቻ

አከራዩ ሦስቱ ወርቅ ሠሪዎች ወደተከራዩት ሱቅ ገባና ቋጠሮውን ፈትቶ የቤተሰቡን ጉትቻ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «ለአዲሱ ሥጋ ቤቴ መግቢያ የወርቅ ጥጃ ሥሩልኝ። አይሆንም ካላችሁ ሱቄን ልቀቁ። ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። እሱ ሄደ፤ ሽቶው ግን እዚያው ቀረ።

አቅላጩ ወርቁን ሲለይ እጁ ቀጥ አለ። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የልጅ ጉትቻ ናት፤ ማንጠልጠያዋ ላይ ደምና ቁራጭ ቆዳ ደርቆበታል።

«ከጆሮዋ መንጭቆ ነው ያወጣው» አለ። ዞር ብሎ ሳህኑ ውስጥ እጁን ታጠበ። የዚያ ሳህን ውሃ አይደፋም፤ የወርቅ ብናኝ ከሥሩ ይዘቅጣል።

ቅርጽ የሚያወጣው ሽማግሌ አይሁዳዊ ነው፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «የአሮን ዕጣ ወጣብህ በለኛ! አባቶቻችን ግን አሮን ጥጃውን እሠራለሁ ያለው ሕዝቡን ሊያዘገይ ብሎ ነው ይላሉ። ጉትቻ አምጡ ያላቸው ሴቶቹ እንቢ እንደሚሉ ስላወቀ ነው። እነሱም እንቢ አሉ። አንተም ወናፉ ተቀደደ በለው።»

«አሮን፣ የእኛው ሃሩን፣ ምን በወጣው!» አለ ሙስሊሙ ወልዋይ። «ሊገድሉት እስኪደርሱ ከልክሏቸዋል። ጥጃውን የሠራው ሳሚሪ ነው። ጋሼ፣ እኛም ሳሚሪ እንፈልግ፤ ማዶ ያለው አንጥረኛ ይሥራውና እንገላገል።»

አቅላጩ ክርስቲያን ነው። «የእኛ ሰባኪ ጥጃው መጀመሪያ የተሠራው ልባቸው ውስጥ ነው ይላል። አሮን ደግሞ ሙሴ ሲጠይቀው፣ ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልሁት፣ ጥጃው ወጣ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወርቅ እሳት ውስጥ ስጥል፣ በራሱ ቀለበት ሆኖ የወጣልኝ የለም!»

«እሱማ በእኛም ተጽፏል» አለ ሽማግሌው፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

በማግስቱ አከራዩ መጣ። «ጥጃዬስ?»

«ወርቅ ሳይታጠብ አይቀልጥም፤ ጌታው» አለ አቅላጩ፣ ትንሿን ጉትቻ በወረቀት ላይ እያቀረበለት። «ይቺን ግን እኔ አላጥብም። እርስዎ ይጠቡልኝ።»

አከራዩ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አጨማደደ። «ኤጭ! ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጅዎ ጆሮ።»

የአከራዩ ደም ሥር ተገታተረ። ሌላውን ጉትቻ ወደ መሐረቡ ሰብስቦ፣ ትንሿን በብዕሩ ጫፍ ገፍቶ ተዋት። «ዛሬውኑ ውጡልኝ!»

ወልዋዩ ጉትቻዋን ለልጅቱ እናት ሊያደርስ ጠቀለላት። ሽማግሌው መሣሪያውን ይሰበስብ ጀመር። አቅላጩ እጁን ደጋግሞ ታጠበና ሳህኑን አንስቶ ውሃውን ደጃፍ ላይ ቸለሰው።

«ኧረ ወርቅ ነው የደፋኸው!» ጮኸ ወልዋዩ።

«ጠጣው እንግዲያ» አለ አቅላጩ፤ «ሙሴም ጥጃውን ፈጭቶ በውሃ ያጠጣቸው ይሄንኑ ነው።»