ወደ ጓሮ የሚከፈተው በር

ዱብ። ትንሽ ጸጥታ። ደግሞ ዱብ።

ዓይኔን ገና አልገለጥኩም። በሕልሜ አንድ ሰው ተራራ የሚያንኳኳ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ደመና ላይ ያለኸው!» አለች እህቴ ከማዶ አልጋ። «ተነስና ማን እንደሆነ እይ። ሆዴ ውስጥ ያለው እንኳ ደነገጠ።»

ልትወልድ እኛ ቤት መጥታ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን እቤት ስትወልድ ደሙ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያም ሆኖ ዘንድሮም ጤና ጣቢያ አልሄድም ብላ ሙጭጭ ብላለች።

ምክንያቷን ያወቅነው እሁድ ዕለት ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ የሰፈሩን ሰው ሰብስባ፣ «እናቶች ለምን እኛ ጋ አይወልዱም? ምን እናስተካክል?» ብላ ጠየቀች። ምስጋና ብቻ ሆነ። «ምን ጎድሎን፣ ሲስተር!»

እህቴ ከኋላ፣ ሻሿን አፏ ላይ ጎትታ፣ «በሩ» አለች።

«የቱ በር?»

«የማዋለጃው ነዋ! በተከፈተ ቁጥር ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ጉድሽን ያያል። ልብስ ሰፊው አለ፣ ባለሱቁ አለ፣ አማቴ አለች። ከዚያስ ብሞት ይሻለኛል።»

የሴቶቹ አፍ ተፈታ። ለካ ሁሏም ይህንኑ በሆዷ ይዛ ኖራለች። በሩ ይደፈንና በጓሮ በኩል ሌላ ይከፈት ተባለ። አናጺው መዝጊያውን፣ ሴቶቹ አሸዋና ውኃውን ቻሉ። የቀሩት ግንበኛው ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ አይሆንም» ይላቸዋል፤ ምን ቢጠየቁ መልሳቸው እሱ ነው።

«አይሆንም» አሉ። «ጣሪያውን የተሸከመው እኮ የጓሮው ግድግዳ ነው። ቢወርድባችሁስ?»

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ይሆናል ቢሉ ምላስዎ ይሰበራል?» አለች አንዷ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው የእህቴን ሆድ አየት አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

አሁን ዱብታውን ተከትዬ ከአጥራችን ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ብሄድ እሳቸው ናቸው! ጣሪያውን በወፍራም ግንድ ደግፈው፣ ብቻቸውን ግድግዳውን ይንዱታል።

«ጋሼ፣ ይሆናል እንዴ?»

«አፍህን ትተህ ድንጋዩን አንሳ።»

ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አሮጌው በር በተደፈነ ማግስት፣ ለአዲሱ መዝጊያ ማጠፊያ ሳይገጠምለት፣ የእህቴ ምጥ መጣ።

እኔና እናቴ ደግፈን በጓሮ አመጣናት። ዙሪያውን ቃኘች። ከጋሽ አይሆንም በቀር ማንም የለም።

«መዝጊያውስ?» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ አይሆንም። እሷና እናቴ ሲገቡ መዝጊያውን አንስተው ክፍቱ ላይ አቆሙና በጀርባቸው ደገፉት። ፊታቸው ወደ ጓሮው ነው።

ጥላችን ከእግራችን ሥር ወጥቶ እየረዘመ ሄደ። እህቴ በጮኸች ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው መዝጊያውን ይበልጥ ይጫኑታል።

«ደከመዎት፣ ጋሼ። ልቀበልዎት?»

«አይሆንም።»

ከዚያ ሕፃን አለቀሰ።

«ሴት ናት!» አለች ነርሷ በመዝጊያው ስንጥቅ በኩል። «እናቷም ደኅና ናት፣ ዘንድሮ ደሙ አላስቸገረም። ጋሼ፣ ባለበሩ እርስዎ ነዎት፤ ቀድመው ይዩአት እንጂ!»

ጋሽ አይሆንም ትከሻዬን ይዘው እሳቸው በነበሩበት ቦታ አቆሙኝ። መዶሻቸውን ከአሸዋው ላይ አንስተው በሸሚዛቸው ጠረጉት።

«ጋሼ፣ አያዩአትም?»

«እንዳይታይ አይደል የሠራነው?» አሉና መዶሻውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በጓሮው በኩል ሄዱ።