የአዝራር አበባና የአጥር ሽቦ

የከተማዋ አዳራሽ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሽቦ በነጻ ይታደላል» ይላል። ኖሊን ካርሞዲ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አላነበበችም። በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናዋ ላይ ተጎታች ቀጥላ ከተፍ አለች። የበጋው ሰደድ እሳት የጂፕስላንድ አውራጃን ኮረብታዎች ጠርጎ ካለፈ ወዲህ አጥር የሚባል ነገር አልቀረላትም። በጎቿ ሲያሻቸው አስፋልት ላይ፣ ሲያሻቸው ሰው ግቢ ይውላሉ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ እነሱን ስታሳድድ ይመሻል።

አዳራሹ ውስጥ ግን ጥቅል ሽቦ የለም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አዝራር በየቀለሙ በሳህን ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሕፃን በጣቱ የሚያጥፈው፣ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ተቆራርጦ ተደርድሯል።

«ሽቦ ያላችሁት ይኼን ነው?» አለች ኖሊን።

«አዎ! እንኳን ደህና መጡ» አለች ታምሲን፣ ከሜልበርን የተላከችው የእጅ ሥራ አስተማሪ። «ዛሬ አበባ ነው የምንሠራው።»

«በዚህ እንኳን በግ፣ ዝንብም አይታሰርም።»

ወጥታ ልትሄድ ስትል ጎረቤቷን ዲሊስን አየቻት። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ትኖርበት የነበረው ቤት በእሳቱ አመድ ሆኖ፣ ዲሊስ አሁን እህቷ ዘንድ ተጠግታለች። ከእሳቱ ወዲህ ሰው መሃል ስትወጣ ኖሊን ያየቻት ገና ዛሬ ነው። መሄዱን ትታ ወንበር ስባ አጠገቧ ዘፍ አለች።

ታምሲን አሠራሩን አሳየቻቸው። ሽቦውን በትልቁ አዝራር ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ አወጣች፣ ትንሽ አዝራር ደረበችበት፣ በሌላኛው ቀዳዳ መልሳ ወደ ታች አወረደችና ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ጠመዘዘቻቸው። «ይኸው አበባ!»

«ይኼ አበባ ከሆነ እኔም ሙሽራ ነኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ታምሲንም አብራ ሳቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እየሠራችሁ ያጣችሁትን ነገር አስቡ። አንድ አዝራር ለሱ ስጡት።»

«እኔ ያጣሁት አጥር ነው፣ የኔ ቆንጆ። የአጥሩ አዝራር የትኛው ነው? ቢጫው ወይስ ቡናማው?»

ኖሊን ሁለት አዝራር እንደነገሩ ጠምዝዛ፣ የሽቦውን ጫፎች ሆን ብላ አሹላ ወደ ውጭ ተወቻቸው። ዲሊስ ግን ከንፈሯን ነክሳ፣ እንደ ፈተና እየተጠነቀቀች ትሠራለች። ኖሊን አላስቻላትም።

«አንቺ ደግሞ! ቤትሽ አመድ ሆኖ እዚህ የአሻንጉሊት አበባ ትጠመዝዣለሽ? አታፍሪም?»

ዲሊስ ከሥራዋ ቀና ሳትል መለሰች።

«እርባና እንደሌለው መች አጣሁት? ከእሳቱ ወዲህ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሻይ እንኳ እህቴ ናት የምትይዝልኝ። ይኸው አሁን ቆመልኝ። እስክጨርስ ዝም በይልኝ።»

ኖሊን እጆቿን አየቻቸው። እውነትም ቆመዋል። ቀዳዳቸው ሰፋ ያሉትን አዝራሮች እየመረጠች፣ እያጉረመረመች ወደ ዲሊስ ትገፋላት ጀመር።

መጨረሻው ላይ ከእርዳታ ቢሮ ከረባት ያሰረ ሰው ካሜራ አንጠልጥሎ ገባ። «አበቦቹን ከፍ! ፈገግ በሉ! ቢሯችን የመስታወት ሣጥን ውስጥ እናኖራቸዋለን።»

«አጥራችንስ?» አለች ኖሊን።

«ጥያቄያችሁ እየታየ ነው።»

«እየታዩ ያሉት በጎቼ ናቸው። አስፋልት ላይ!»

ሰውየው እንዳልሰማ ሆኖ እጁን ወደ ዲሊስ አበቦች ዘረጋ። ዲሊስ ወደ ደረቷ አስጠጋቻቸው። «የኔን አልሰጥም።»

«እማማ፣ ዕቃው እኮ የፕሮግራሙ ነው።»

ኖሊን መሃል ገባች። «ለመስታወትህ የኔን ውሰድ» ብላ የራሷን መዳፉ ውስጥ ወሸቀችለት። ጨበጠውና «ዋይ!» ብሎ ጣቱን ወደ አፉ ከተተ።

«ምነው? እሾህ የሌለው አበባ ነበር የፈለግኸው?» አለችና ዲሊስን ክንዷን ይዛ ወጣች።

መኪና ውስጥ ትንሽ እንደሄዱ ዲሊስ ተናገረች። «ወንዙ ዳር ያለው መጋዘን አልተቃጠለም። የባሌ የአጥር ሽቦ እዚያ አለ። ብዙ ጥቅል።»

ኖሊን ፍሬኑን ረገጠችው። «ምን አልሽ? ይኼን ሁሉ ጊዜ ከበግ ጋር ስሯሯጥ እያየሽኝ?»

«በተቃጠለው ቤቴ በኩል ነዋ የሚታለፈው። ማየት አልቻልኩም።»

ኖሊን አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠችው። «አሁንስ?»

«አንቺ ንጂ። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ከዲሊስ ቤት በተረፈው፣ በጠቆረው የጭስ ማውጫ አጠገብ ሲያልፉ ኖሊን ስለ ባለ ከረባቱ ሰውዬ ጮክ ብላ አወራች። ስለ ጫማው፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ፎቶ አነሳሱ። ዝምታ እንዳይገባ ነው። መጋዘኑ እስኪደርሱ አላቆመችም።

ሽቦው ዝጓል። በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች የጋራ ድንበራቸው ላይ ሲወጥሩት ደጋግሞ ተበጠሰ።

«ባልሽ ምን ዓይነት ርካሽ ሽቦ ነው የገዛው?»

«ቆጣቢ ነበር።»

«ቆጣቢ? በሕይወት ቢኖር በዚሁ ሽቦ አንቄ ነበር የምገድለው!»

ዲሊስ መዶሻውን ጥላ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ይኼኔ አንዱ አውራ በግ ባልታጠረው በኩል ሾልኮ ወደ አስፋልቱ አመራ። ኖሊን የሞተውን ባልም ያለውን በግም እየተራገመች ተከተለችው።