ደም አታሳየኝ

ሠርፀ ጉምቦ ሰፈር ካለው ምግብ ቤቱ ደጅ አዲሷን ሞተር ብስክሌቱን ላብ በላብ እስኪሆን ረገጣት፤ አልነሳ አለች። ትናንት ስትመጣ እኮ ሰፈሩን ስታናጋው ነበር! ዛሬ ማለዳ «አምላኬ፣ በሷ ደም አታሳየኝ» ብሎ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ጠበል ከመሪዋ እስከ ሞተሯ አፍስሶባታል። ታዲያ ምን ነካት?

ደሙ ፈላ። የገጣጠመለት መካኒክ ግዛው ተጠርቶ ሲመጣ አንገቱን አንቆ ያዘው።

«ዕቃዋን ቀይረህብኛል፣ አንተ ሌባ!»

«ኧረ በማርያም ጋሼ፣ እሳት የሚሰጣትን ካንዴላዋን ልይ—»

በቴስታ አፍንጫውን አለው። ግዛው ሞተሯ ላይ ተደፋ። ሠርፀ ሄልሜቱን አንስቶ አፉ ላይ ደገመው። ጎረቤቶች «ከላስ! ከላስ! ይብቃህ!» እያሉ ሲያላቅቋቸው ግዛው ጥርሱን ከነደሙ ተፋ።

«ቆዩ! ሌብነቱን ላሳያችሁ!» ሠርፀ የካንዴላዋን ቆብ መንጭቆ ነቀለው። መዳፉ ላይ ውሃ ፈሰሰበት።

ጠበሉ ነበር።

ቆቡን በሸሚዙ አድርቆ መለሰና ረገጣት። በአንዴ ተነሳች። ነጩ የነዳጅ ታንከሯ ሲንቀጠቀጥ፣ የግዛው ደም ከላዩ እየተንጠባጠበ የሠርፀ ጫማ ላይ አረፈ።