የአዴ ቦጋለች ተረከዝ

በማይክሮስኮፕ ሥር ቆዳ ተገሽልጦ ባየሁ ቁጥር፣ የገሸለጠው በሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ የተሳሳተ እምነት ያወጡኝ፣ አምቦ ውስጥ ክፍል ያከራዩኝና «ኢልመኮ» እያሉ እንደ ልጃቸው የሚጠሩኝ አዴ ቦጋለች ናቸው።

በ1978 ዓ.ም. ተረከዛቸው ላይ የጥላሸት ጠብታ የመሰለ ጥቁረት ወጣ። ባለቤታቸው ኦቦ ሌታ «ማርያም ስማት ነው» ብለው ሳቁ።

«ማርያም ተረከዝ ስትስም የት አይተሃል?» አሉ አዴ ቦጋለች።

እኔ አልሳቅሁም። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ በአገራችን ሰው ላይ ከውስጥ እግር መነሣት ይወዳል። ሐኪም ቤት ወስጃቸው ከጥቁረቱ ቁራሽ አነሣሁና መረመርሁት። የላይኛው ንጣፍ ተቀድዷል፤ የሥሩ ድንበር በደምና በእብጠት ተደበላልቋል። ገጹን አቁስሎ ወደ ጥልቁ የሚሰርገው ክፉው ዓይነት እንዲህ ይመስላል። ለእርሱ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ባልደረባዬ የሚያውቀው መላ አንድ ነበር፤ አዴ ቦጋለች ቅዳሜ ቅዳሜ ጉደር ገበያ የሚወርዱበትን እግር መቁረጥ።

ልነግራቸው ቤት ስገባ፣ አዴ ቦጋለች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሌላኛውን ተረከዛቸውን በሻካራ ድንጋይ ይፈትጋሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ነገ ቁስሉን ታየው የለ? ለሐኪም የተሰነጣጠቀ እግር ይዘረጋል እንዴ፣ ኢልመኮ?»

«ቁራሹን የወሰድሁ ዕለትም የታመመውን እንዲህ ፈትገውት ነበር?»

ኦቦ ሌታ ቀደሟቸው፤ «ደም እስኪወጣ! ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ አልታጠበችም።»

«ያኔ የሚያይ ዓይን መቼ ነበረህ!»

የያዝሁትን መርዶ ዋጥሁት። የበሽታ ጭካኔ ብዬ ያነበብሁት የአንዲት ሴት ጨዋነት ሊሆን ይችል ነበር።

«ድንጋዩን ለእኔ ይስጡኝ» አልኋቸው፤ እየሳቁ ሰጡኝ።

በማግሥቱ ድንጋዩ ካልደረሰበት ጠርዝ ሌላ ቁራሽ ወሰድሁ፤ የተፈተገው ሲሽርም ከመካከሉ ደገምሁ። በሁለቱም ላይ ክፉዎቹ ሕዋሳት በላይኛው ቆዳ ወለል አንድ በአንድ ተሰልፈዋል። ጥቂቶቹ ወደ ላይ ተንጠራርተዋል፤ ድንበሩን ጥሶ የወረደ ግን የለም። ገና በማለዳው የተያዘ፣ በዝግታ ወደ ጎን የሚሳበው ዓይነት ነበር።

ባልደረባዬ ጥቁረቱን ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር አነሣና ከጭናቸው በወሰደው ቆዳ ሸፈነው። እግራቸውን አልቆረጥንም።