ዘጠነኛው ረድፍ

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜው ጀመረ፤ በጊዜው ግን አላቆመም። አራት ወር ዘነበ። የሒሳብ ክፍሉ ጣሪያ በሦስተኛው ሳምንት ማፍሰስ ጀመረ። መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይመጣም። ደሞዝ ሁለት ወር ዘገየ። ሁለት መምህራን ለቀው ሄዱ፣ ሌላ አንድ በሳምባ ምች ሞተ። ባለቤቴ ወገቧን ታማ ተኛች፤ በስድስተኛው ሳምንት ተነሣች። ግድግዳው ሻገተ። ዳቦ ሻገተ። አልጋ ሥር ያለ ጫማ ሻገተ።

እኔ የክፍሉ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ከዚያ በፊት ገልባጭ ነበርኩ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። ኮምፒውተር ሳይገባ መምህራኑ ቁጥር የሞላበት ሠንጠረዥ ያመጡልኝ ነበር። እነሱ ማትሪክስ ይሉታል። እኔ አጥርቼ እገለብጣለሁ፤ ሥራውን የተቀበልኩበትን ቀን ጥጉ ላይ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ገልብጦ አንድ ቁጥር አልሳተም ይባልልኝ ነበር። እኔም ያንን አምኜ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

የክፍሉን ኃላፊ ተማሪዎች ሽቶ ይሉታል። ሰውየው ሳይደርስ ሽታው ይደርሳል። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን ምላሱ ላይ ያስነካል። እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ የጻፍኩትን ወረቀት በምራቁ አርሶ ይመልስልኛል። ሠላሳ ዓመት ያንን እርጥብ ጥግ በጨርቅ ጠርጌያለሁ። አንድ ቀንም አልለመድኩትም።

ዝናቡ ዕቃ ቤቱ ሲገባ ሽቶ መጣ። በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያዘ።

«ሳጥኖቹን አውጥተህ ወረቀቱን አድርቅ» አለኝ። ከዚያ በጫማው ጫፍ ከእሱ ቢሮ የወረደ አንድ ሳጥን ገፋ አደረገ። «ይሄን ግን አታድርቀው። በስብሷል። አቃጥለው።»

«ሳይታይ፣ ጌታዬ?»

«ምኑ ይታያል? ሻጋታ ነው።»

«ሻጋታም ቢሆን የገባው በመዝገብ ነው፤ የሚወጣውም በመዝገብ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከመዝገብህ ጋር ነው የምትቀበረው» ብሎ ሳቀና ሄደ።

በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው። ክፍሉ ለክብሩ መጽሐፍ ያሳትማል። በመጽሐፉ መሐል በስሙ የሚጠራ ግኝት አለ። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የውሃና የአይጥ ሽታ ወጣ። ከሥር አንድ አረንጓዴ ደብተር ተኝቷል። ሽፋኑ እንደ ሞተ ዓሣ ቆዳ ያሟልጫል። የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ ቀን ተጽፏል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጻፍኩት።

ደብተሩ የጭምቷ ነው። ጭምቷ ረዳት መምህርት ነበረች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የማትናገር ልጅ ስለነበረች ነው እንዲህ ያልናት። ከእኔ ጋር ግን ታወራ ነበር። አንድ ቀን የምገለብጠው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። አምስት የሸሚዝ ቁልፎችና ክር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። አንዱን መሐል አድርጋ ከአራቱ ጋር በክር አያያዘችው።

«ይሄ መረብ ነው፣ ጋሼ። ክር ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ እያልን ሠንጠረዥ እንሞላለን። ሠንጠረዡ የራሱ ቁጥሮች አሉት። ደወል ሲመታ የራሱ ድምፅ እንዳለው ማለት ነው። የዚህኛው ሁለት፣ ነጌቲቭ ሁለትና ሦስት ዜሮ ነው።»

ከዚያ ክሩን ፈታች። አራቱን ቁልፎች በካሬ አያያዘች፤ አምስተኛውን ብቻውን ተወችው።

«የዚህስ?»

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«ሁለት፣ ነጌቲቭ ሁለትና ሦስት ዜሮ። ድምፁ አንድ፣ ደወሉ ሁለት» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ይህ ለእነሱ የጀማሪ ነገር ነው። ሽቶ ግን አንድ ዓይነት መረብ ላይ ዕድሜውን ፈጅቷል። በዚያ ዓይነት መረብ ድምፁን የሰማ ደወሉን ያውቃል፣ አንድ ድምፅ ያለው ሁለት ደወል አይገኝም ይል ነበር። ጭምቷ ሁለት አገኘች። እያንዳንዳቸው ሃያ ሁለት ነጥብ፣ እንደ ቁልፎቹ ማለት ነው፣ አላቸው፤ ድምፃቸው አንድ ነው፤ መረባቸው ግን ይለያያል። ሐሙስ ከሰዓት በሚደረገው ስብሰባ ልታቀርብ ሁለቱን ሠንጠረዦች እንድገለብጥላት ደብተሯን ሰጠችኝ።

እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲገለበጥ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ክር በሁለቱም በኩል ክር ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ አጥፈህ በመስኮት ብርሃን ታያለህ፤ አንድ በአንድ ላይ፣ ዜሮ በዜሮ ላይ ይወድቃል። ሁልጊዜ እንዲያ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ግን ጽሑፉን ግድግዳ ላይ አጉልቶ ለሚያሳየው መብራት ተብሎ በፕላስቲክ ላይ ነው የጻፍኩት። ፕላስቲክ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። አላጠፍኩም። እኔ አልሳሳትም ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ክፍሉ ሞላ። መብራቱን የማበራው እኔ ነበርኩ። ሽቶ ሠንጠረዡን ቀረብ ብሎ አየ፤ ከዚያ በዘንግ ጠቆመ።

«ዘጠነኛው ረድፍ፣ አሥራ አራተኛው ዓምድ። አንድ። መልካም። አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ ዘጠነኛው ዓምድ። ዜሮ። ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት መንገድ አለ፤ ከአሥራ አራት ወደ ዘጠኝ የለም። የሄደው ሰው ምን ይሁን? እዚያው ይደር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቅጂው ነው» አለች ጭምቷ። «ደብተሬ ላይ ሁለቱም ዜሮ ነው። ደብተሩ ጋሼ ጋ አለ።»

ሽቶ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ተሳስተሃል?»

ሁሉም አየኝ። «እንደተሰጠኝ ነው የገለበጥኩት» አልኩ።

«ይኸው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልተሳሳተ ሰው ዛሬ ለአንቺ ብሎ አይሳሳትም። ቀጣይ!»

ፕላስቲኮቿን ሰብስባ ወጣች። አላለቀሰችም።

ስብሰባው እንዳለቀ መሳቢያዬን ከፍቼ ደብተሩን አየሁ። ዜሮ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደብተሩን ይዤ ለሽቶ አሳየሁት። ጣቱን ላሰና ገጹን ገለጠ፤ ሌላውንም ገለጠ። ሁለቱን ሠንጠረዦች አስተያየ።

«እኔ እነግራታለሁ» አለ። «አንተ ዝም በል። ቋሚ ቅጥርህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

ደብተሩን ስትጠይቀኝ ኃላፊው ወስዶታል አልኳት። እሱን ስትጠይቀው ጠፍቷል አላት። በወሩ መጨረሻ ለቀቀች። ቅጥሬ ጸደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የታተመ ጽሑፍ ለማኅደር አመጡልኝ። ሁለቱ ሠንጠረዦች ውስጡ አሉ። ስሙ የሽቶ ብቻ ነው። ምሳዬን መብላት አልቻልኩም። በማግስቱ በላሁ። ከዚያ በኋላም ሃያ አራት ዓመት እየበላሁ ኖርኩ። የሱ ምራቅ ሲያስጠላኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእኔ አፍ ከዚያ የባሰ እንደነበረ አውቃለሁ።

ደብተሩን አላቃጠልኩም። በጨርቅ ጠቅልዬ የምትኖርበትን ሰፈር ጠይቄ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት አክስቷ ናቸው፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ።

«ማን ልበል?»

«ከሒሳብ ክፍሉ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«ጥፋተኛ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱንማ ፊትህ ይናገራል። ጫማህን ጥረግ፤ ጭቃህን ይዘህብኝ አትግባ።»

ጭምቷ ጠረጴዛ ላይ የልጆች ደብተር ታርማለች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆናለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ጥቅሉን ስፈታላት ደብተሩን አወቀችው። የተጣበቁትን ገጾች በጥፍሯ እያላቀቀች አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ስህተቱ የእኔ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ። ጋሼ፣ የራሴን ዜሮ አላውቅም?»

«ይቅር በይኝ ልል ነው የመጣሁት።»

«እዚህ? ለእኔና ለአክስቴ?» ደብተሩን ዘጋችው። «እዚህ ቤት ማንም አልሳቀብኝም። የሳቁት ሰዎች ወዳሉበት ሄደው ይናገሩ።»

«ሲሰድቧት በዋናው በር፣ ይቅርታው በጓሮ በር!» አሉ አክስቷ ከጓዳ።

«አንቺም ብትመጪ? ስብሰባው አሁንም ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ከሰዓት ክፍል አለኝ» አለች። ደብተሩን መልሳ ሰጠችኝ። «ይውሰዱት። ስሜን ሳይጠሩ ግን እንዳይወጡ።»

የሐሙሱ ስብሰባ የሽቶ መሰናበቻ ነበር። ከወንበሩ ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ እንኳ ሽታው ደረሰኝ። ከዚያን ጊዜዎቹ አራት መምህራን ቀርተዋል፤ ከፊት ተቀምጠዋል። መጽሐፉን የሚያዘጋጀው ወጣት መምህር ግኝቱን በሽቶ ስም እየጠራ ሰሌዳው ላይ ያስረዳል። ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲል እጄን አነሣሁ።

«ሻይ ደረሰ ልትል ነው?» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ሻይ አይደለም» አልኩ። «ይህን ያገኙት እሳቸው አይደሉም። ረዳት መምህርት የነበረች ልጅ ናት። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ክፍል ሳቃችሁባት። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ አንድ ጨመርኩባት። ስጠየቅ ዋሸሁ። ስህተቴን ካወቅኩ በኋላም ለቅጥሬ ስል ዝም አልኩ። ደብተሯ ይኸው።»

ሽቶ ፈገግ አለ። «ሽማግሌው ዝናቡ መትቶታል። አስቀምጡት።»

ወጣቱ ግን ደብተሩን ተቀበለኝ። ሻጋታውን ሳይጸየፍ ገለጠ። የታተመውን ከጎኑ አድርጎ ረድፍ በረድፍ በጣቱ ወረደ።

«ጌታዬ» አለ ወደ ሽቶ ዞሮ፣ «ነጥቦቹን ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደሚሆን የሚወስነው ጻፊው ነው። ሃያ ሁለት ነጥብ በቅደም ተከተል ለመቁጠር ያለው የመንገድ ብዛት ከአንድ በኋላ ሃያ አንድ ዜሮ የተጻፈበት ቁጥር ያህል ነው። የእርስዎና የዚህ ደብተር አቆጣጠር ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት አንድ ነው። በሁለቱም ሠንጠረዥ። ደብተሩ ላይ ያለው ቀን ደግሞ በሁለት ዓመት ይቀድማል።»

«ተማሪዬ ነበረች!» አለ ሽቶ። «ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እሷ ደብተር ያዘች እንጂ።»

«እንግዲያ ያን ቀን የሳቁት በራስዎ ሐሳብ ነው?» አልኩት።

ሽቶ መሐረብ አውጥቶ አፉን ጠረገ። ከፊት ከተቀመጡት አራቱ አንዱ ጫማውን ያያል። ሌላው ቀስ ብሎ፣ «አስታውሳለሁ። እኔም ስቄያለሁ» አለ። የቀሩት ሁለቱ እሱን እንደ ከሃዲ አዩት። የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ወጣቱ ሰሌዳው ላይ ያለውን የሽቶን ስም አጠፋ። ጠመኔውን ይዞ ጠበቀኝ።

«ማን ልበል?»

ስሟን ከአባቷ፣ ከአያቷ ጋር ነገርኩት። ጻፈ። ከኋላው ቆሜ ፊደል በፊደል አየሁት። አልተሳሳተም። ሽቶ ኮቱን ይዞ ወጣ፤ ማንም በሩን አልከፈተለትም።

አልቀለለኝም። ሃያ ስድስት ዓመት የዘገየ ነገር አያቀልም። ይሁን እንጂ ያለብኝ ዕዳ ያ ነበር፤ ተከፈለ።